ኮምፒውተርንና የፔጀር ማሠራጫን ስለ ማገናኘት

ተረኛ ሐኪም በፔጀር በሚጠራባቸው ሆስፒታሎች ኮምፒውተሩ መልእክቱን ለማሠራጫው ከሚያቀብልባቸው መንገዶች አንዱ የአርኤስ-232 ተከታታይ መስመር ነው። የአንዱ መላኪያ ሽቦ ከሌላው መቀበያ ጋር ይገጠማል፤ ፍጥነታቸውም አንድ መሆን አለበት። ታፕ በተባለው የመግባቢያ ደንብ የተለመደው 7 የመረጃ ቢት፣ ኢቨን ፓሪቲና 1 የማቆሚያ ቢት ነው። በአንደኛው ወገን 8 ቢት ያለ ፓሪቲ ከተሞላ ገመዱ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚደርሰው ፊደል የተዛባ ይሆናል። (በ7 ቢት የግዕዝ ፊደል ስለማያልፍ በላቲን መጻፍ ግድ ነው።)

ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማሠራጫው የሚመልሰው የ«ተቀብያለሁ» ምልክት ነው። ይህ ምልክት መልእክቱ ከማሠራጫው መድረሱን እንጂ ከሐኪሙ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ተራ ፔጀር መልስ አይሰጥምና። ስለዚህ ልቡ ለቆመ ሕመምተኛ ጥሪ ሲላክ ስክሪኑ «ተልኳል» ስላለ ብቻ መጠበቅ አይገባም፤ ደረት መጫኑ ሳይቋረጥ ሌላ ባልደረባ ሐኪሙን በስልክ ይፈልግ።