የሙሽሪት አባት

ጥር በገባ ቍጥር ከተሞቻችን ሌላ መልክ ይይዛሉ። የነቢያት ጾም ተፈትቶ፣ ገናና ጥምቀት ተከብረው፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገር ጎረምሳ ሁሉ የሚያገባ፣ ያገር ልጃገረድ ሁሉ የምትዳር ይመስላል። በየመንደሩ ዳስ ይጣላል፤ መኪናዎች በአበባና በጥብጣብ አጊጠው ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፤ ደመወዝተኛውም በኪሱ የታጨቁትን የጥሪ ወረቀቶች እየቈጠረ የወሩን ወጪ በሐሳቡ ያሰላል።

በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ስለ ሙሽራውና ስለ ሙሽሪት ብዙ ይባላል። ሚዜዎች ይዘፈንላቸዋል፤ የእናቲቱ እንባ ይነገራል። ከዳሱ ጥግ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ እንግዳ ሲገባ ብድግ፣ እንግዳው ሲቀመጥ ቁጭ የሚለው ሰው ግን እምብዛም አይነሣም። ይህም ሰው የሙሽሪት አባት ነው። አንባቢዎቼ ቢፈቅዱልኝ የዛሬውን እሑድ ጽሑፌን ለእርሱ ልስጥ።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጥር አጎቴ በሙያዋ ነርስ የሆነች የ27 ዓመት ሴት ልጃቸውን በደብረ ብርሃን ከተማ ድረው ነበር። እኔም «የተማረ ነው» ተብዬ የሠርጉን ደብተር እንድይዝ ተሾምሁ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለወጣ የቤተ ዘመድ ልጅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሹመት ይኸው መሆኑን ከእናንተ መካከል የደረሰበት ያውቀዋል። የበሬውን ዋጋ፣ የበርበሬውን ኪሎ፣ የእንግዳውን ስም ስጽፍ ሰንብቼ፣ በመጨረሻ ከደብተሩ ያልገባ ነገር ተምሬ ተመለስሁ።

የ1961 ዓ.ም. ሠርግ

አጎቴ ያደረጉትን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረ ሌላ ሠርግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1961 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር፣ አያቴ የበኵር ልጃቸውን ዳሩ። ሙሽሪት ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። አጎቴ ደግሞ የ8 ዓመት ልጅ ሆነው ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቆመው ያዩ ነበር። ሁለት በሬ ታረደ፤ ጠጁና ጠላው ተረፈ፤ በድንበር ምክንያት ተኳርፈው የነበሩ ሁለት ቤተ ዘመዶች በዚያ ቀን ከአንድ ማዕድ ቈረሱ። ሠርጉም በአካባቢው ለብዙ ዓመት ሲወራ ኖረ። አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አባታቸው እንዳደረጉት፣ ጎረቤታቸውም እንዳደረገው አደረጉ እንጂ። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ተቈጠረ፤ የማጫው ነገር ተቈረጠ፤ ዋስ ተጠራ። በዚህ ሁሉ መካከል ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እርስዋም ሙሽሪት ናት።

አክስቴ በዚያ ሌሊት ከድካም ብዛት እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ በሚዜ ጀርባ ታዝለው ሄዱ። አጎቴ «እትዬ መቼ ትመለሳለች?» ብለው ቢጠይቁ መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ለመልስ የመጡ ዕለትም አክስቴ ከጎታው ጀርባ ተሸሽገው «አልሄድም» ቢሉ፣ ሽማግሌዎች አባብለው ወደ ባላቸው ቤት ላኳቸው። ባላቸው ደግ ሰው ስለ ነበሩ ትዳሩ ጸንቶ፣ ልጅ ተወልዶ፣ የልጅ ልጅም ታይቷል። ስለዚህ አክስቴ «ተበደልሁ» ብለው አያማርሩም። የዚያ ቀን ነገር ሲነሣ ግን አንዲት ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ «ማንም አልጠየቀኝም» ይላሉ።

ከአንባቢዎቼ መካከል ላሉት የሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ 18፣ ሴት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። እንግዲህ የአክስቴ ሠርግ በዚያን ጊዜው ሕግ እንኳ የማይፈቀድ ነበር ማለት ነው። ሕጉ ግን በመጽሐፍ ታትሞ ቀረ እንጂ ከዳሱ አልደረሰም።

በዚያ ዘመን የአባት ደስታ በምን ይለካ ነበር ቢባል፣ በታረደው በሬና በመጣው ሕዝብ ነበር። ሚዜዎቹም በማግሥቱ ተመልሰው የ«ብር አምባር» ብሥራት ካላሰሙት ደስታው ሙሉ አይሆንም፤ ይህ ብሥራት የቀረበት አባት በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ይውል ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ድግሱ የልጅቱ አልነበረም፤ የአባትየው ስም ድግስ ነበር።

ሽማግሌዎች ሲመጡ

አጎቴ ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳልፈው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ እሑድ ጧት ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጃቸው ቆሙ።

በከተማ እንደሚሆነው ሁሉ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነበር። ልጆቹ ከተዋወቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀንና ሰዓት ለእናትዋ የነገረች ራስዋ ልጅቱ ናት፤ ቡናውም ተቈልቶ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። አጎቴም እንደ ወጉ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆነው አዳመጡ። ከዚህ በኋላ ከአባት የሚጠበቀው «ከዘመድ ልምከርና ቀጠሮ ልስጣችሁ» የሚል ቃል ነው። አጎቴ ግን ወደ ጓዳው ዞረው ልጃቸውን ጠሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ አባቶች አንቺን ለልጃቸው ፈልገው መጥተዋል። እኔ የምመልስላቸው አንቺ የምትዪኝን ነው። ምን ልበላቸው?» አሏት።

ልጅቱ በመጀመሪያ ሳቀች። አባትዋ እንዳልሳቁ ባየች ጊዜ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አባባ፣ ፈቅጄ ነው፤ እሺ በላቸው» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር ከሽማግሌ ፊት አትጠራም ነበር» ቢሉ፣ አጎቴ «እኔም የጠራኋት ስለዚሁ ነው። አሁን ቁጭ በሉ፤ ቡናው ደርሷል» አሏቸው።

አንዳንድ አንባቢ «ያለቀ ነገር መጠየቁ ምን ይጠቅማል? ለወግ ያህል አይደለምን?» ይል ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ወግ የሚናቅ ነገር አይደለም። ልጅቱን ለብዙ ዘመን ዝም ያሰኛት ወግ ከሆነ፣ የሚያናግራትም ወግ ቢኖር ተገቢ ነው።

ሕጉስ ከዚህ ደርሷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዳይፈጸም ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበትን በር ክፍት ትቶ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያን በር ዘጋው፤ ያለ ዕድሜ መዳርንም ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገ።

ይህም ሁሉ ሆኖ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶው 40 የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ትዳር የገቡ ሆነው ተገኝተዋል። ሕጉ ቀድሞ ሄዷል፤ ወደ ኋላ የቀረው ዳሱ ነው። ዳሱን የሚጥለው ደግሞ አባት ነው።

ደብተሩ

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን ቤተ ዘመድ ቀደም ብሎ ተሰብስቦ ሲመክር፣ የእንግዳው ቍጥር 600 ደረሰ። አንዱ «የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ እንዴት ይቀራሉ?» አለ። ሌላው «እገሌ ለልጁ አዳራሽ ተከራይቶ የለምን? እኛ ከማን አንሰን?» አለ። ሦስተኛው ከብድርና ቍጠባ ማኅበር ገንዘብ ማግኘት እንደሚቻል አስረዳ። እኔም ደምሬ ባሳየሁ ጊዜ፣ ወጪው የአጎቴን የብዙ ዓመት የጡረታ አበል የሚበላ ሆኖ ተገኘ።

አጎቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ከቈዩ በኋላ፣ «እኔ በዕዳ ላይ ቆሜ ልጄን አልመርቅም። አባቴ በእኔ ሠርግ ምክንያት ተቸገረ እያለች እንድትኖር አልፈልግም» አሉ። ከዚያም እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከዝርዝሩ ላይ ይሰርዙ ጀመር። 600ው ወርዶ 150 ሆነ። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ሳሕኑን ዕድሩ ሰጠ። ጠላውን ጎረቤት ጠመቀ፤ ድፎ ዳቦውን ዘመድ ጋግሮ አመጣ። በሬም አንድ ብቻ ታረደ።

ይህ በቀላሉ ያለፈ አይምሰላችሁ። ስማቸው ከተሰረዘባቸው ሰዎች መካከል አንድ የቅርብ ዘመድ «ናቀኝ» ብለው ከአጎቴ ጋር ተኳርፈው ቀርተዋል። አጎቴ አማላጅ ቢልኩም እስካሁን አልታረቁም፤ በዚህም ያዝናሉ። ወግን ለመለወጥ ዋጋ ይከፈላል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የጀመረው ሰው ነው።

ምርቃት

አንዳንድ ጓደኞቼ አባት ሙሽሪትን በክንዱ ይዞ ለሙሽራው የሚያስረክብበትን፣ በፊልም ያዩትን ሥርዓት ይመኛሉ። የወደደ ያድርገው፤ አልቃወምም። ነገር ግን የእኛ አገር አባት ከዚህ የሚበልጥ ነገር በእጁ አለ፤ ምርቃት አለው።

የሠርጉ ዕለት የጧቱ ውርጭ ከሣሩ ላይ ገና ሳይነሣ ሴቶቹ እሳት አንድደው ይሠሩ ነበር። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የጥር ብርድዋ እስከ አጥንት ይገባል። ረፋዱ ላይ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደረሱ። የሙሽሪት ጓደኞችም እንደ ደንቡ በሩን ዘግተው «አናስገባም» አሉ። ዘፈኑና ክርክሩ ከደራ በኋላ አንደኛ ሚዜው ሽቶ እየረጨ፣ እየለመነም በሩን አስከፈተ።

ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ ተንበርክከው የወላጆቻቸውን ጕልበት ሳሙ። አጎቴም ለመመረቅ ብድግ አሉ። ሳምንት ሙሉ ሲጽፉና ሲሰርዙ የሰነበቱት ወረቀት በኮታቸው ኪስ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር። ወረቀቱን አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ከኪሳቸው ከተቱና ወደ ሴቶቹ ወገን ዞረው፣ «እትዬ፣ ነይ፤ አንቺ አስቀድመሽ መርቂልኝ» አሉ።

ዳሱ ጸጥ አለ። በዚያ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳሉ ሴት ቀድማ መርቃ አታውቅም። አክስቴ «እኔ? ወንዶቹ ሳሉ?» ቢሉ፣ አጎቴ «አዎን፣ አንቺ» አሏቸው። አክስቴም ቀስ ብለው ተነሥተው እጃቸውን በሙሽሪት ራስ ላይ ጫኑና እንዲህ አሉ፤

«ልጄ፣ ተጠይቀሽ የወጣሽ ነሽና ሳትጠየቂ የምትውዪበት ቀን አይምጣብሽ። ቃልሽ የሚሰማበት ቤት ይስጥሽ። ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ። ሴት ልጅ ስትወልጂም እንደ አባትሽ ጠይቀሽ ዳሪ።»

«አሜን» የሚለው ድምፅ ከዳሱ አልፎ ከጎረቤት ተሰማ። ቀጥሎ ተራው የአጎቴ ሆነ። እርሳቸውም በአጭሩ፣ «ልጄ፣ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ። ደስ ሲልሽም ሲከፋሽም ይህ ቤት ቤትሽ ነው። ወደዚህ ስትመጪ ከጎታ ጀርባ መሸሸግ አያስፈልግሽም» ብለው ተቀመጡ።

የዚህ የመጨረሻ ቃል ምስጢር የገባን ጥቂቶች ነበርን። አክስቴ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ፤ ከበሮው ተመታ። በሕይወቴ ሲጨፍሩ አይቻቸው የማላውቀው አጎቴም ጋቢያቸውን ወርውረው ከእኅታቸው ጋር ትከሻቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። የዚያን ቀን ደስ ያላቸው ስማቸው ስለ ተጠራ አልነበረም፤ ልጃቸው ደስ ስላላት ነበር።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዛሬ ተማሪና አዲስ ሠራተኛ ብንሆንም ነገ ብዙዎቻችን የሙሽሪት አባትና እናት እንሆናለን። ስለዚህ ከአሁኑ የምናስብበት ነገር ይኑረን። ልጅን ማክበር ሽማግሌ በመጣ ዕለት፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ከሚለው ጥያቄ ይጀምራል፤ በሠርግዋም ማግሥት «በሩ ክፍት ነው» በሚለው ቃል ይጸናል። በሁለቱ መካከል የሚታረደው በሬ አንድም ይሁን ሁለት እንደ አቅማችን ነው።

በማግሥቱ ሒሳቡን ዘግቼ ደብተሩን ለአጎቴ አስረከብሁ። ገጾቹን አገላብጠው «ዕዳ» ከሚለው ርእስ ሥር ምንም እንዳልተጻፈ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ያን ያልተነበበ ወረቀት ከኮታቸው ኪስ አውጥተው፣ «ይህን ለእርስዋ አድርስልኝ» ብለው ሰጡኝ። የተጻፈው ምን እንደ ሆነ አላየሁም፤ ባለቤቱ እርስዋ ናትና አደረስሁላት።