ግጥምን በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ስለ መሸጥና ለልጅ ስለ ማውረስ

በምሥራቅ ጎጃም በጮቄ ተራራ አካባቢ የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን ከገበያዋ ቀን አግኝታለች። ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ገብሱን ሰፍሮ ዋጋውን ሲቀበል እህሉ ከእጁ ይወጣል። ግጥም ግን ሺህ ጊዜ ቢሸጥ ከባለቤቱ ዘንድ አይጐድልም፤ ነገር ግን ሌላው ሰው ሳይከፍል ሊገለብጠው ይችላልና ጥበቃ ያሻዋል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ የተማረ ባለቅኔ ቅኔውን ሁልጊዜ አዲስ አድርጎ ይዘርፋል እንጂ ለሽያጭ አያስበውም። የግጥም መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው ግን የማተሚያውን ዋጋ ከቤተ ሰቡ ጓዳ ያወጣል፤ ያልተሸጠውም ጥራዝ በቤቱ ተከምሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት ስለ ገባ፥ ዛሬ ያለ ወረቀት በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አውጥቶ መሸጥ ተችሏል።

ሆኖም ወጪው ቀለለ ማለት ሥራው ቀለለ ማለት አይደለም።

አንደኛ፥ የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ያለው ስለ ሆነ፥ በስልክ ላይ ፊደሉ ሲጐላ ስንኙ ይሰበርና ቤት መምቻው ከቦታው ይርቃል። ስለዚህ ደራሲው ከመሸጡ አስቀድሞ በትንሽ ስልክ ከፍቶ ያንብበው።

ሁለተኛ፥ መደብሩን ይመርምር። አማዞን የተባለው የአሜሪካ መደብር እንደ ዋጋውና እንደ ውሉ ከመቶ 35 ወይም 70 ለደራሲው ይከፍላል፤ ነገር ግን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የሚቀበላቸው የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ቋንቋዎች ዝርዝር አማርኛን አላካተተም። ስለዚህ መደብሩ አማርኛን መቀበሉን፥ ገንዘቡም በምን መንገድ እንደሚደርስ ከውሉ በፊት መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፥ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ ግጥም ለልጅ የሚተላለፍ ርስት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ባለቤቱና ልጆቹ ጽሑፉ የት እንደ ተቀመጠ፥ ውሉ ከማን ጋር እንደ ሆነ፥ የመደብሩም መግቢያ ቃል ምን እንደ ሆነ ካላወቁ፥ ያ ርስት ወሰኑ እንደ ጠፋ መሬት ይሆናል።

አባት ልጁን ይዞ የእርሻውን ወሰን እየዞረ እንደሚያሳይ፥ ባለ ግጥምም ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፎ፥ በደኅናው ቀን ቤተ ሰቡን ሰብስቦ ያስረዳ።