ለጋራዥ መስኮት ከማውጣታችን በፊት፦ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሊሠራ ይቀመጥበታል?



ሬክስዴል ውስጥ በማውቃቸው የሐበሻ ቤቶች ጋራዥ ማለት የመኪና ማደሪያ ብቻ አይደለም። ሽታውና እንፋሎቱ ሳሎን እንዳይገባ ምጣዱ ወደዚያ ይወጣል። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ የበርበሬው ከረጢት፣ የማኅበሩ ተጣጣፊ ወንበሮች እዚያው ናቸው። ክርስትና ወይም ለቅሶ ሲኖር ሽንኩርት የሚላጠውም እዚያው ነው። ባጭሩ ጋራዥ ለእኛ ማድ ቤት ሆኗል። ልዩነቱ፣ የአገር ቤቱ ማድ ቤት በሩ ለግቢ ክፍት ነው፤ የእኛ ጋራዥ ግን በአንድ አምፖል የሚበራ የተዘጋ ሣጥን ነው።

እኛ ቤት ጉዳዩ በአያቴ ምክንያት መጣ። አያቴ ክረምት ላይ በረዶው ያንሸራትታል ብለው ከቤት አይወጡም። አባቴ የጋራዡን ግድግዳ ኢንሱሌሽን አልብሶ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከገጠመበት ወዲህ ግን ደረጃ ሳይወርዱ የሚደርሱበት ቦታ አገኙ። ጠዋት ጠዋት ምስር ይለቅማሉ፣ ጌሾ ያዘጋጃሉ፣ ይጸልያሉ። የጎደለው ብርሃን ነው። ስለዚህ “መስኮት እናውጣ” ተባለ፤ ወዲያውም “በየት በኩል? ስንት በስንት?” የሚለው ክርክር ተከተለ። የነርሲንግ ተማሪ በመሆኔ ጉዳዩን ከጤናም ከግንባታም አንጻር ሳነብ ሰነበትኩ። የደረስኩበት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይኸው፦ መጀመሪያ የሚመረጠው መስኮቱ ሳይሆን ሰውየውና ሰዓቱ ነው። ሰው፣ ሰዓትና ሥራ ከታወቁ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ ከፍታና ስፋት ተከትለው ይመጣሉ።

ሰውና ሰዓት

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ሊሠራ። የእኛ ቤት ዝርዝር ይህን ይመስላል። አያቴ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ተቀምጠው እህል ይለቅማሉ። እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆማ እንጀራ ትጋግራለች። ወንድሜ ማታ ማታ ብስክሌት ይጠግናል። (ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የጻፍኩት ለአያቴ ስል ነው።)

ይህ ዝርዝር ብቻውን ብዙ ይፈታል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ማለትም በዲሴምበር 21፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፀሐይ ከጠዋቱ 1፡48 ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10፡43 ገደማ ትጠልቃለች። ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለወንድሜ የትኛውም መስኮት አይረዳውም፤ የሚያስፈልገው ጥሩ መብራት ነው። መስኮቱ የአያቴ ነው።

የአያቴን ጉዳይ የሚያከብደው ደግሞ ዕድሜ ነው። ሰው ሲያረጅ የዓይኑ ሌንስ እየወፈረና እየቢጫ ይሄዳል፣ የዓይኑ ብሌንም ይጠብባል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። ለእኔ “በቂ” የሆነው አምፖል ለእሳቸው ጨለማ ነው። ምስሩ ውስጥ ያለውን ጠጠር ብቻ ሳይሆን ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባውን እርከንም ማየት አለባቸው። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ነርሲንግ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል።

የጠዋት ብርሃን ሌላም ሥራ አለው። በዓይን የገባው የቀን ብርሃን አንጎላችን ውስጥ ያለውን ሰዓት ያስተካክላል፤ ቀን ንቁ ሆነን ማታ እንድንተኛ ይረዳል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፏ ከንጹሕ አየር ቀጥሎ ለበሽተኛ የሚያስፈልገው ብርሃን እንደሆነ አስተምራለች። በ1984 ሮጀር ኡልሪክ ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ስለዚህ በመስኮቱ የሚታየው ነገርም ይቆጠራል።

የአዲስ አበባ ፀሐይና የቶሮንቶ ፀሐይ

ወላጆቻችን ስለ ፀሐይ የሚያውቁት የአገር ቤቱን ነው፤ እዚህ ግን ሒሳቡ ይለያል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ትርቃለች። የቀትር ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ያለች ናት፤ እንዲያውም በሰኔ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ቶሮንቶ ግን 43.7 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። በጁን 21 ከአድማሱ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በዲሴምበር 21 ግን 23 ዲግሪ ብቻ።

ይህ ለመስኮት ትልቅ ትርጉም አለው። የላይኛው ጠርዙ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ያለ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት አለ እንበል። በክረምት ቀትር ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጨረሯ 4.7 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። በበጋ ቀትር ግን 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሲበርድ ታሞቃለች፣ ሲሞቅ ትርቃለች፤ የደቡብ መስኮት የሚወደደው ለዚህ ነው። የሰሜን መስኮት ቀጥታ ጨረር አያገኝም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የማያንጸባርቅ፣ ረጋ ያለ ብርሃን ይሰጣል። የምዕራብ መስኮት በክረምት ከሰዓት ዓይን ውስጥ ይገባል፣ በበጋ ደግሞ ያቃጥላል። የምሥራቁ የጠዋት ሰው መስኮት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቶሮንቶ መንገዶች ከእውነተኛው ሰሜን 17 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያዘነበሉ ናቸው። “ደቡብ” የምትሉት ግድግዳ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሊያይ ይችላል። በስልካችሁ ኮምፓስ አረጋግጡ።

ጎረቤት ይከልለኛል ወይ?

ሬክስዴል ስሟን ያገኘችው ሬክስ ሄስሎፕ ከተባለው ቤት ሠሪ ነው። ሰፈሩን ማልማት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙዎቹ ቤቶች በመጠኑ ተቀራርበው የቆሙ ናቸው። ስለዚህ “ደቡብ ጥሩ ነው” ማለት አይበቃም፤ በደቡብ በኩል ያለው የጎረቤት ግድግዳ ከሆነ ፀሐይዋ የእሱ ናት።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መስኮቱ ሊወጣ በታሰበበት ቦታ ውጭ ቁሙ፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጨብጡ። የተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ያለ ጭብጥ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ከአድማሱ ጀምራችሁ ጭብጥ በጭብጥ ላይ ደርቡ። ሁለት ጭብጥና ትንሽ ሲሆን የዲሴምበር ቀትር ፀሐይ ቦታ ላይ ደረሳችሁ። የጎረቤት ጣሪያ ከዚያ በላይ ከሆነ በክረምት መካከል ቀጥታ ፀሐይ አትጠብቁ። የሰማዩ ብርሃን ግን ይቀራል፤ በደመናማ ቀን የምናየውም እሱኑ ነው።

የእኛ ጋራዥ በደቡብ በኩል ከጎረቤት ቤት ጋር ተፋጧል። በስተኋላው፣ በምሥራቅ በኩል ግን ጓሮ አለ፤ ከጓሮው ማዶ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ሜዳ ነው። ሰማዩ ክፍት ነው፣ አያቴም የሚቀመጡት ጠዋት ነው። ምርጫው በራሱ ጊዜ ተገኘ።

ከፍታና ስፋት

ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በመስኮቱ ከፍታ መጠን ነው። በልማድ የሚሠራበት ስሌት፣ ጠቃሚ ብርሃን ከመስኮቱ የላይኛ ጠርዝ ከፍታ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ያህል ይገባል የሚል ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም ይህን ያስታውሰኛል፦ የታችኞቹ መስኮቶች ቅርጽ ብቻ ናቸው፤ ብርሃን የሚያስገቡት የላይኞቹ ናቸው። ከፍ ያለ መስኮት መደርደሪያ የሚቆምበት ግድግዳም ይተዋል፣ ከውጭ ለሚያይ ዓይንም አይመችም።

ነገር ግን አያቴ ተቀምጠው ጓሮውን ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ 90 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው 2.1 ሜትር ላይ እንዲሆን ተስማማን። ወርዱ 1.5 ሜትር ነው። ይህ 1.8 ካሬ ሜትር ነው። ጋራዡ 3 በ6፣ ማለትም 18 ካሬ ሜትር ስለሆነ መስኮቱ ከወለሉ 10 በመቶ ይሆናል፤ ፍሬሙ ሲቀነስ ትንሽ ያንሳል። የ2012ቱ የኦንታሪዮ የግንባታ ኮድ ለሳሎን የጠየቀው የመስታወት ስፋት ከወለሉ 10 በመቶ፣ ለመኝታ ክፍል 5 በመቶ ነበር። ለጋራዥ እንዲህ ያለ ግዴታ ባይኖርም ለማነጻጸር ጥሩ ልኬት ነው።

ለመንገድ በኩል ላለው ጨለማ ጫፍ ደግሞ ከጋራዡ በር የላይኛው ረድፍ ላይ መስታወት ያለው በር ይገኛል። ብርሃን የሚያሳልፍ ግን የማያሳይ፣ ድርብ መስታወት ምረጡ። ነጠላ መስታወት በእንጀራ እንፋሎት ወዲያው ያልበዋል፤ ውሃው ወርዶ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ያመጣል።

ብርሃን በብልሃት ሲገባ ማየት የሚፈልግ በ2017 በአዲስ ሕንፃ የተከፈተውን የአልቢየን ቤተ መጻሕፍት ይጎብኝ። በሕንፃው ውስጥ ያሉት ክፍት አጸዶች ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመሐልም ቀን ያስገባሉ።

ሕጉና ግድግዳው

መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ከግድግዳው እስከ ድንበር ያለውን ርቀት ለኩ። በኦንታሪዮ ኮድ ከድንበሩ ከ1.2 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለ ግድግዳ በአጠቃላይ መስኮት አይወጣለትም፤ ምክንያቱ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት ነው። ቀጥሎ፣ አዲስ መስኮት ለመክፈት ወይም ያለውን ለማስፋት ከቶሮንቶ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግድግዳ ሲቀደድ ከላይ ያለውን ጭነት የሚሸከም አግዳሚ መግባት አለበት፤ ይህ በዘመድ ምክር የሚሠራ አይደለም። ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ “ብርሃን ከኩሽና እንበደር” ብሎ የመካከሉን ግድግዳ መክፈት አይሆንም፤ ያ ግድግዳ የመኪና ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የታሸገ መሆን አለበት።

መስኮት የማይሠራው ሥራ

እዚህ ላይ እንደ ነርስ ልናገር።

አንደኛ፣ መስኮት ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን የፀሐይ ጨረር ተራ መስታወት ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። በቶሮንቶ ክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ውጭ ተቀምጠንም ብዙ አናገኝም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። “አያቴ መስኮት ስር ይሞቃሉ” ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መስኮት የእንጀራን እንፋሎት አያስወጣም። ጃንዋሪ ውስጥ ማን ይከፍተዋል? ወደ ውጭ የሚያወጣ ቬንቲሌተር ለብቻው ይታሰብ።

ሦስተኛውና ዋናው ከሰል ነው። ጋራዡ ብርሃን ሲያገኝና ሲያምር ቡናው ወደዚያ ይዞራል፤ ከቡናው ጋር የከሰል ምድጃው ይመጣል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፤ ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። መስኮቱን ገርበብ ማድረግ አያድንም። በጋራዥ ውስጥ ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ መኪናም በሩ ተከፍቶ እንኳ ቆሞ አይሙቅ። ጠቋሚ መሣሪያ ቤት ውስጥ ይኑር። ብዙ ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያ 911 ይደወል።

እስከዚያው

የእኛ ስዕል ገብቶ ፈቃድ እየጠበቅን ነው። እስኪመጣ ግን ያደረግነው አለ። ያልተቀባ ግራጫ ብሎኬት ከሚያርፍበት ብርሃን ከግማሽ በላዩን ይውጣል፤ ስለዚህ ግድግዳውንና ጣሪያውን ነጭ ቀባን። የእርከኑን ጠርዝ ቢጫ ቴፕ ለጠፍንበት። የአያቴን ወንበር አጠገብ አንድ ጠንካራ መብራት ሰቀልን። ሦስቱም ከአንድ ቅዳሜ በላይ አልፈጁም፤ ተከራይ ብትሆኑም ቴፑንና መብራቱን አከራይ አይከለክላችሁም።

እናንተም በዚህ ሳምንት ወረቀት፣ ሜትርና ጭብጣችሁን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ወደ ጋራዡ ውጡ። “ስንት ብር ይፈጃል?” ከማለታችሁ በፊት “እዚህ ማን ይቀመጣል? በስንት ሰዓት?” ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀመጡት ትልቅ ሰው ከሆኑ መልሱን ከእሳቸው ስሙ።

መልካም የፈተና ሰሞን!