ልጆች ብቻቸውን የሚሄዱበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የ10 ዓመት ልጅ የ6 ዓመት እህቱን ይዞ ከመናፈሻ ወደ ቤቱ በእግሩ እየተመለሰ ነበር። መንገዱ አንድ ማይል ገደማ ነው። ወላጆቻቸው ከአጭሩ መንገድ ጀምረው ሲያለማምዷቸው ቆይተው፣ አስበውበት ነው ብቻቸውን የለቀቋቸው። ያያቸው ሰው ግን ለፖሊስ ደወለ፤ ልጆቹም የቀረውን መንገድ በፖሊስ መኪና ጨረሱት። የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወላጆቹን በቸልተኝነት ጠርጥሮ ምርመራ ከፈተ። በኤፕሪል 2015 ልጆቹ ዳግመኛ ተያዙና ለሰዓታት ከወላጆቻቸው ተለይተው ቆዩ። በዚያው ዓመት ወላጆቹ ከጥርጣሬው ነጻ ቢባሉም፣ ጉዳዩ አገሩን ለሁለት ከፍሎ አከራከረ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። እዚያ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ፣ ራሱ በልጅነቱ ወፍጮ ቤት የተላከ፣ ከሱቅ ዘይትና ስኳር ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ያስረከበ፣ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት ያደረሰ ሊሆን ይችላል። የራሱን ልጅ ግን ያለ አጃቢ ከበር አያሳልፍም። «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚል ስጋት አለበት። ስለዚህ ነገሩን «የዘንድሮ ወላጅ ልጅ አቀበጠ» ብሎ መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፍርሃቱ የራሱ ታሪክ አለው። ሜይ 25 ቀን 1979 ኤታን ፓትዝ የተባለ የ6 ዓመት ልጅ በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ማቆሚያ ሲሄድ እንደወጣ ቀረ። በ1980ዎቹ የጠፉ ልጆች ፎቶ በወተት ካርቶን ላይ እየታተመ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናት በ1999 በማያውቁት ወይም እምብዛም በማይቀርባቸው ሰው ለከባድ ጠለፋ የተዳረጉ ልጆች 115 ያህል እንደነበሩ ገምቷል። አንድ ልጅ እንኳ ቢሆን ብዙ ነው። ሆኖም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች ባሉበት አገር አደጋው እጅግ ብርቅ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን በሁሉም ቤት ገባ።

በእንግሊዝ የታየው ለውጥ በቁጥር ተመዝግቧል። በ1971 ከትምህርት ቤት ብቻቸውን ወደ ቤት እንዲመለሱ የሚፈቀድላቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች 86 በመቶ ነበሩ። በ1990 ወደ 35፣ በ2010 ደግሞ ወደ 25 በመቶ ወረዱ። በጀርመን በ2010 አካባቢ የተገኘው ቁጥር 76 በመቶ ነው። ጥናቱን የጀመሩት ሜየር ሂልማን ጣታቸውን የቀሰሩት ወላጅ ላይ ሳይሆን መኪና ላይ ነበር። በመንገድ አደጋ የሚሞቱ ልጆች ቁጥር የቀነሰው መንገዱ ሰላም ስለሆነ አይደለም፤ ልጆች ከመንገድ ስለተነሱ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

ታዲያ ቤት የቀረው ልጅ ምን አጣ? መንገድ ጠፍቶት ሰው አልጠየቀም። መልስ ሲጎድልበት ባለሱቁን አልተከራከረም። ከጓደኛው ተጣልቶ ያለ ገላጋይ አልታረቀም። እያንዳንዱ ትንሽ ጭንቅ «ተወጣሁት» የሚል ትዝታ ትቶ ያልፋል፤ ልጁ ሲያድግ የሚተማመነውም በዚህ ትዝታ ነው። ተመራማሪው ፒተር ግሬይና ሁለት ባልደረቦቹ በ2023 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የልጆች በነጻነት የመንቀሳቀስና የመጫወት ዕድል እየጠበበ መምጣቱ ለአእምሮ ጤንነታቸው ማሽቆልቆል ዋና ምክንያት ነው ብለዋል። ሁለቱ አብረው መታየታቸው ብቻውን አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያም በክርክሩ ውስጥ አሉ።

ጠንከር ያለ ማስረጃ የመጣው ከዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኤሊ ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 124 ልጆች ለሁለት ከፈሉ። ግማሽ ያህሉ ራሳቸው የታወቀውን የንግግር ሕክምና አገኙ። ሌሎቹን ልጆች ግን ሐኪሙ አላከማቸውም፤ የሠለጠኑት ወላጆቻቸው ብቻ ናቸው። ልጁ ብቻውን መተኛት ሲፈራ አብሮ ከመተኛት፣ ሰው ፊት መናገር ሲፈራ ስለ እሱ ከመናገር ቀስ በቀስ እንዲታቀቡ፣ ፍርሃቱን ግን እንዳያቃልሉና «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደምትወጣውም አምናለሁ» ዓይነት ቃል እንዲሰጡት ተማሩ። ውጤቱ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። የወላጅ አኳኋን ሲለወጥ የልጁ ጭንቀት ረገበ ማለት ነው።

ሕግም መንቀሳቀስ ጀምሯል። በ2008 የ9 ዓመት ልጇን ካርታ፣ የባቡር ካርድና 20 ዶላር አስይዛ በኒውዮርክ የምድር ባቡር ብቻውን ወደ ቤት የላከችው ጋዜጠኛ ሌኖር ስኬናዚ «የአሜሪካ መጥፎዋ እናት» ተብላ ነበር። በ2018 ግን ዩታ፣ ለአቅመ ማሰብ የደረሰ ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት መሄዱና ውጭ መጫወቱ ቸልተኝነት እንዳይባል በሕግ ደነገገች። ቴክሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ኮሎራዶና ቨርጂኒያም ተከተሉ።

የሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን እንዳይተው ይከለክላል፤ ጠባቂውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለ መንገድና መናፈሻ ግን አያነሳም። ይህን ለይቶ ማወቅ ለስደተኛ ወላጅ ትልቅ እፎይታ ነውና፣ የማኅበረሰብ ማዕከላት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ሊያስተምሩት ይገባል። ቤት ውስጥ የሚጀመረው ልምምድ ደግሞ ሕግ እስኪሻሻል አይጠብቅም። የ9 ዓመት ልጅ ሽሮ መሥራት፣ የ12 ዓመት ልጅ ሕመሙን ለሐኪም ራሱ ማስረዳት፣ የ16 ዓመት ልጅ ስለ ውጤቱ ከመምህሩ ጋር ራሱ መነጋገር ይችላል። እናትና አባት አጠገቡ ሆነው ዝም ማለትን መልመድ ይኖርባቸዋል።