ከሰም ጣሪያ ሥር ያለው የማንጎ ጠላት

የማንጎ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ካያችሁ፣ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ነጩ ሽፋን ተልጦ ይነሳል፤ ከሥሩም ቅጠሉ ላይ የተጣበቀች፣ ገላዋ ለስላሳ የሆነ ደቃቃ ተባይ ትገኛለች። ይህች የማንጎ ነጭ ስኬል ናት። ዝርያዋ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ በአገራችን መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምታለች።

ከእንቁላል የሚፈለፈሉት ጫጩቶች እግር አላቸው። ትንሽ ተጉዘው የሚመቻቸውን ቦታ ሲያገኙ እንደ ፀጉር የቀጠነ አፋቸውን ቅጠሉ ውስጥ ሰክተው መምጠጥ ይጀምራሉ። ሴቷ ቆዳዋን ስትቀይር እግሯን ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ከዚያች ቦታ አትነቃነቅም። መሸሽ ስለማትችል መከላከያዋን በላይዋ ላይ ትሠራለች፤ ከገላዋ የሚወጣውን ሰም ከጣለችው ቆዳ ጋር አጣብቃ ክብ ጣሪያ ታበጃለች። እንቁላሏንም የምትጥለው እዚያው ሥር ነው። ወንዱ ግን ሲያድግ ክንፍ ያወጣል፤ መመገቢያ አፍ ስለሌለው የሚኖረው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

የተመጠጠው ቅጠል ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሲብስም ይደርቃል። ፍሬው ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ጠባሳ ስለሚቀር ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል።

ገበሬው መድኃኒት ረጭቶ ለውጥ የሚያጣው በዚሁ ሰም ምክንያት ነው። ሰም ውኃ አያስገባም፤ ላይ ላዩን የተረጨ መድኃኒት ተንከባሎ ይወርዳል። ተባይዋ የምትጋለጠው ገና ጣሪያ ባልሠራችበት፣ በእግሯ በምትሄድበት አጭር ጊዜ ነው። ያለ ጊዜው የሚደረግ ርጭት ግን እሷን ትቶ የሚበሏትን ጠላቶቿን ይገድላል።

እንዲህ ያሉ ጠላቶች ያላቸውን ዋጋ ካሊፎርኒያ በሚገባ አይታዋለች። ከአውስትራሊያ የገባ፣ ጥጥ በሚመስል ሰም የተሸፈነ የስኬል ዘመድ የብርቱካን እርሻዎችን ሲያወድም፣ አልበርት ኮቤሌ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1888 ወደ አውስትራሊያ ተልኮ ተባዩን የምትበላ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ አመጣ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ብርቱካኑ ዳነ።

እኛም እጃችን ላይ ያለ መፍትሔ አለን። ጥቅጥቅ ያለው የማንጎ ዛፍ ሲገረዝ ብርሃንና አየር ያገኛል፤ ተባይዋ የምትወደው ጥላ ይቀንሳል። የተገረዘው ቅርንጫፍ ግን ተባዩን እንደያዘ ከዛፉ ሥር መተው የለበትም። ከሁሉም በላይ፣ እግር የሌላት ተባይ ሩቅ አገር የምትደርሰው በሰው እጅ ነው። ችግኝ ስትገዙ እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጭ ነገር ካለበት ወደ ማሳችሁ አታስገቡት።