ወደ ሰማይ ወፎች መመልከት፤ በአብጃታና ሻላ ሐይቆች ዳርቻ

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ኑሮው የሚጨነቀውን ሰው ሲያጽናና ወደ ወፎች እንዲመለከት አዝዞታል (ማቴ. 6፥26)። መመልከት በመኪና መስኮት አይቶ ከማለፍ ይለያል፤ መቆምን፣ ዝምታንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ከአዳማ ተነሥተን በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ ደሴቶች ገዳማትና ወደ ደቡቡ የሀገራችን ክፍል ለመንፈሳዊ ጉዞ የምንወርድ ምእመናን ብዙዎች ነን። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ያለውን የእግዚአብሔርን ሥራ የምናስተውል ግን ጥቂቶች ነን።

ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ በስተ ምዕራብ የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን እናገኛለን። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን አብጃታ ግን ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ነው። በአስጎብኚ መሪነት በእግር የሚጓዝ ሰው ማለዳ ቢወጣ ወፎችን ያያል፤ በዚያ ሰዓት ምግባቸውን ይፈልጋሉና። ቢራቢሮዎችን ለማየት ግን ፀሐይ ከፍ እስክትል መቆየት ይገባል፤ ሰውነታቸው በፀሐይ ካልሞቀ በሚገባ መብረር አይችሉምና።

ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሚሸሹ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይመጣሉ። ወቅቱ እኛ ዘመነ ጽጌን ከምናከብርበት ጊዜ ጋር ይገናኛል። ነቢዩ ኤርምያስ ወፎች ጊዜያቸውን ጠብቀው መምጣታቸውን ምሳሌ አድርጎ የእግዚአብሔርን ፍርድ ያላወቀውን ሕዝብ ገሥጾበታል (ኤር. 8፥7)።

ወፎቹ ዛሬም ይገሥጹናል። ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ከአብጃታ በሚያጠምዱት ዓሣ ነበር። ይሁን እንጂ ከዝዋይ ወደ አብጃታ የሚፈስሰው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ሲሳብ፣ አብጃታ እየሸሸ ጨዋማነቱም እየበረታ ሄደ። ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኖቹ ማዕዳቸውን አጡ። በዙሪያው የነበረው የግራር ደንም ለከሰልና ለእርሻ ተመነጠረ። ብዙዎቹ አባጨጓሬዎች የሚመገቡት የተወሰኑ ዕፅዋትን ብቻ ስለሆነ፣ ዕፅዋቱ ሲጠፉ ቢራቢሮዎቹም አብረው ይጠፋሉ።

የሰማዩ አባት ወፎችን የሚመግበው በፈጠረው ውኃና ምድር ነው። ያንን ማዕድ የምናፈርስ ከሆነ መግቦቱን እያመሰገንን ሥራውን እንቃወማለን። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ጭምር መሆኑን አንርሳ (ዘፍ. 2፥15)።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቶች የጉዞ መርሐ ግብር ሲያዘጋጁ ለእንዲህ ያለው የእግር ጉዞ አንድ ማለዳ ቢመድቡ መልካም ነው። ድምፅ ማጉያውን እናጥፋ፤ ወደ ጎጆዎች አንጠጋ፤ የፕላስቲክ ጠርሙሶቻችንን ይዘን እንመለስ። ሩቅ መሄድ ያልቻልንም በየአጥቢያችን ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ሀገር በቀል ዛፎች እንጠብቅ፤ የጎደሉትንም እንትከል። ወፎችና ቢራቢሮዎች በዚያም ይጠለላሉና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።