ጉና፡ ፊሽካ የማይነፋበት ተራራ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ብራዚል በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በቦሊቪያ 1ለ0 ተረታች። ግቧን በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ሚጌል ቴርሴሮስ ነው። ከጨዋታው በኋላ ግን ከቴርሴሮስ ይልቅ ብዙ የተወራለት ሜዳው ነበር። የኤል አልቶ ስታዲየም ከባህር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ላይ ኳስ ለማሯሯጥ ቀርቶ ደረጃ ለመውጣትም ትንፋሽ ያጥራል።

ይሄን ከፍታ በሳንባው መሞከር የሚፈልግ የኳስ አፍቃሪ ደቡብ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ጉና አለ። ፋርጣን፣ እስቴንና ላይ ጋይንትን የሚያዋስነው ይህ ተራራ ቁመቱ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ማራዶና ሲያሰለጥናት፣ ሜሲ ሲሰለፍላት የነበረችው አርጀንቲና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2009 የ6ለ1 ጉድ የሆነችበት የላፓዝ ስታዲየም 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። ጉና ከሱም በላይ ወደ 500 ሜትር ይጨምራል።

በነገራችን ላይ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። ቦሊቪያኖች አገር ይያዝልን ብለው ጮኸው በዓመቱ ተነሳ እንጂ አዲስ አበባችንም ድንበሩ ሥር ነበረች፤ ለጥቂት ነው ያመለጠችው።

ጉና ሲያዩት የሚያስፈራ ዓይነት አይደለም። ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ጀርባው ሰፊ፣ ጎኑ ቀስ እያለ የሚወጣ ተራራ ነው። ገመድ፣ መዶሻ፣ ምናምን አይጠይቅም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገደል ቢሆን ሰው ይጠነቀቃል፤ ጉና ግን ዳገቱ የዋህ ይመስልና ሳያስፈራራ ይጨርሳል። አንዱን ጉብታ ወጥተው "በቃ ደረስኩ" ሲሉ ከኋላው ሌላ ጉብታ ብቅ ይላል። ዘጠና ደቂቃ ሞልቶ ዳኛው ፊሽካውን እንደረሳው ጨዋታ ማለት ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ላይ መገኘት የሚፈልግ ሰው ከመካነ ኢየሱስ በአንድ ሌሊት በእግሩ እደርሳለሁ ብሎ ባያስብ ይሻለዋል። ቀን ተጉዞ፣ ከተራራው ግርጌ አድሮ፣ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ መነሳት ነው የሚያዋጣው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ስለምትወጣ ሂሳቡ ቀላል ነው። ወሩን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ጉና ጭጋግ ለብሶ ስለሚውል ከፊት ያለ ሰው እንኳ አይታይም፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ የሚታይበት ነው።

"እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም" የሚል የአዲስ አበባ ልጅ አይጠፋም። እውነት አለው፣ ግን ግማሹ ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባህር ጠረፉ ሲነፃፀር 75 በመቶ ያህል ነው። ጉና ጫፍ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሲንቲያ ቢል ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ደም መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅናቸውም መጠን ባህር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የቦሊቪያ ደገኞች እንኳ በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው ወፍሮ ነው የሚኖሩት። የጉና ግርጌ እረኛ ከብቱን እየነዳ፣ እያፏጨም ጭምር፣ ከከተሜው ጎን አልፎ ሲሄድ ምሥጢሩ የጫማ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ የሚያዋጣው የማራቶን ሯጭ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ላይ ጉልበት መቆጠብ። በመጀመሪያው ሰዓት እንደ ክንፍ ተጫዋች የሚፈተለክ ሰው በሁለተኛው ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንገዳገድ ከመጣ ደሞ ጀግንነት አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ሌላው ጠላት ብርድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ጉና ከአዲስ አበባ በ10 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። በላብ የረጠበ ቲሸርት ለብሶ ጫፍ ላይ ፀሐይ መጠበቅ በሽታ መጥራት ነው። የአርሰናል ማሊያውን ከውስጥ ያድርገው፣ ጋቢውን ግን አይርሳ። በሶና ቆሎ ከየትኛውም ብስኩት ይበልጣሉ።

ሊነጋ ሲል ግራና ቀኙ መታየት ይጀምራል። አስታው፣ ጓሳው፣ ከዚያ በላይ ደሞ እንደ ሰው ተገትሮ የቆመው ጅብራ። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ቆይቶ በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብባል፤ አበባውን ከሰጠ በኋላ ይሞታል። ምሥራቁ በጋይንት በኩል መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ፀሐይዋ ብቅ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ሰው ስልኩን ወደዚያ ይደግናል። ዞር ማለት ነው እንጂ የሚያስደንቀው ከኋላ ነው። በምዕራብ፣ በጣና አቅጣጫ፣ ተራራው የራሱን ጥላ በሦስት ማዕዘን ቅርፅ አገሩ ላይ ዘርግቶት ይታያል። ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ጥላው እየተሰበሰበ ይመጣል፤ ብዙም አይቆይ።

ደክሞኛል ለሚል ሰው የሚነገር ታሪክም በዚሁ አካባቢ አለ። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1867 ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ በጋይንት አድርገው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት በማርች 1868 ነበር። መንገዱን ከፊታቸው እየቆፈሩ።

አሁን ወደማያስደስተው ነገር። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። የፎገራ ሩዝ ጓዙ ከዚህ ተራራ ነው ማለት ይቻላል። ተራራው ግን እየተራቆተ ነው። ገብሱና ድንቹ ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ አስታው ለማገዶ ይቆረጣል፣ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ መሬት ያጠረው ሰው ግን ወደ ላይ ካልሆነ ወዴት ይሂድ? የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቶ፣ ዛሬ ለአካባቢው ልጆች በአስጎብኚነት፣ በጥበቃ፣ በበቅሎ ኪራይ እንጀራ ሆኗል። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከዚያው ከዋልያ ነው። ጉና ግን በቁመቱ ልክ ስሙ አልተጠራም። ለፀሐይ መውጫ ሰው ቢመጣለት፣ ለማደሪያና ለመሪ የሚከፈለው ብር ለአስታውም ለገበሬውም ዋስ በሆነ ነበር።

ለዚያ ደሞ ሰላም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ እስከ ጉና አካባቢ ደርሶ ነበር። ያ አለፈ ሲባል ከኦገስት 2023 ወዲህ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። ስለዚህ ጉና ልውጣ የሚል ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ አየሩ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው፤ መልሱንም ከአገሬው አፍ መስማት አለበት። የሌሊት ጉዞ በራሱ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚደፈር አይደለም። ተራራው የትም አይሄድም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ደሞ ስለ መውረዱም ይታሰብ። ሲወጡ የሚጮኸው ሳንባ ነው፣ ሲወርዱ ጉልበት። ጣት ጥፍሩ ከጫማው ጋር ይጋጫል፣ ታፋ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ከሆነ ተጓዡ ማምሻውን መካነ ኢየሱስ ይገባል፤ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ የፕሪሚየር ሊጉ የማታ ጨዋታ 2:30 ላይ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛውን አጋማሽ ዓይኑን ገልጦ ማየት መቻሉ ግን ያጠራጥራል።